49 ዶላር ከ7 ሳንቲም

በዘመናችን ሰዎች ዘንድ እንደ ሃይማኖት አንቀጽ ሳይመረመር የሚታመን አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ተበዳይ የሚበደለው ባለማወቁ ነው፣ ዐዋቂ ቢሆን ኖሮ በዳይ ባልደፈረው ነበር የሚለው ነው። ይህ አሳብ በዲላ ከተማ ስለ ቡና በተነሣ ቁጥር፣ በነጋዴው መጋዘን ደጃፍም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ፣ «የአርሶ አደሩ የግንዛቤ ማነስ» በሚል የተለሰለሰ ቃል ይነገራል፤ ሥልጠናው የሚሰጠው በዚህ ስም ነው፣ ሪፖርቱም የሚጻፈው በዚህ ስም ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ ስሙ በዓለም ገናና የሆነ ቡና እያመረተ ስለ ምን ኑሮው እንዳልተለወጠ የሚጠይቅ እንግዳም የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። እኔ ግን ይህ አሳብ ስሕተት ከመሆኑም በላይ፣ በዳዩን ከፍርድ ወንበር ፊት አስነሥቶ ተበዳዩን በስፍራው የሚያቆም ስለ ሆነ፣ ራሱ የዓመፃው አንድ ክፍል ነው እላለሁ፤ ለዚህም ክርክር ምስክር አድርጌ የማቀርበው ከጌዴኦ ተራሮች እጅግ ርቆ፣ በአሜሪካ አገር፣ ስለ ቡጢ የተሠራ አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።

ፊልሙ «ዘ ሃርደር ዘይ ፎል» ይባላል። ባድ ሹልበርግ በ1947 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ፣ በማርክ ሮብሰን አዘጋጅነት በ1956 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታየ፤ በተከታዩ ዓመት መባቻ ላረፈው ለታላቁ ተዋናይ ለሃምፍሪ ቦጋርትም የመጨረሻ ሥራው ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኒክ ቤንኮ የተባለ የቡጢ ግጥሚያ ነጋዴ ከአርጀንቲና ቶሮ ሞሬኖ የሚባል፣ በቁመቱና በትከሻው ጎልያድን የሚያሳስብ ወጣት ያስመጣል፤ ወጣቱ ግን አካሉ ይግዘፍ እንጂ ክንዱ አይመታም፣ መንጋጋውም ምት አይችልም። ቤንኮ ይህን ባየ ጊዜ አልተከፋም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው የሚሸጥ ስም ነበርና፣ ሥራ ያጣውን የስፖርት ጋዜጠኛ ኤዲ ዊሊስን ቀጥሮ የወጣቱን ዝና በየጋዜጣው አስነዛ፣ ተጋጣሚዎቹንም በገንዘብ እየገዛ በየከተማው አስወደቃቸው። ቶሮ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ሰዎች በፊቱ ሲወድቁ ሲያይ በእውነት ብርቱ የሆነ ይመስለዋል። ቀድሞ በሌላ ግጥሚያ ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ገስ ዳንዲ የተባለ ቡጢኛ ከእርሱ ጋር ከተጋጠመ በኋላ በሞተ ጊዜም፣ የገደልሁት እኔ ነኝ ብሎ በጸጸት ይታመማል፤ ወደ እናቴ ልመለስ ይላል። አይለቁትም። በመጨረሻ ከእውነተኛው ሻምፒዮን ፊት ያቆሙትና መንጋጋው እስኪሰበር ይደበደባል። የዚያች ሌሊት የመግቢያ ገቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ የሒሳብ ሹሙ ሊዮ መዝገቡን ገልጦ ለኤዲ ሲያሳየው ግን፣ የልምምዱ፣ የማስታወቂያው፣ የጉዞው፣ የረዳቶቹ ወጪ ሁሉ ተቀናንሶ ለቶሮ የቀረው ድርሻ 49 ዶላር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ።

ይህን ፊልም ካዩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰጡት ፍርድ ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ቶሮ ሞኝ ነው ይላሉ፤ ሞኝም ስለ ሆነ እናዝንለታለን እንጂ ፍርድ ተጓድሎበታል ብለን አንቆጣለትም፤ የታሪኩ እውነተኛ ባለቤት ኅሊናው የተመለሰለት ጋዜጠኛው ነው ይላሉ። ነገር ግን ፊልሙን በሰከነ ዐይን የተመለከተ ሰው፣ ደራሲው ይህን ፍርድ አስቀድሞ የሚያፈርስ አንድ ትዕይንት እንዳኖረበት ያገኛል። ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊት ኤዲ ለቶሮ እውነቱን ይነግረዋል፤ ቶሮ አላምንም ባለ ጊዜም ሸምገል ያለውን ረዳት ጆርጅን እንዲመታው ያዝዘዋል። (የጆርጅን ክፍል የተጫወተው በ1951 እ.ኤ.አ. የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ጀርሲ ጆ ዋልኮት ነው፤ እንዲህ ያለውን ክፍል ለእንዲህ ያለው ሰው መስጠት የአዘጋጁን ማስተዋል ያሳያል።) ግዙፉ ወጣት በሽማግሌው ክንድ ይናወጣል፤ የተሸከመው ዝና ባዶ እንደ ሆነም በገዛ አካሉ ይማራል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቶሮ የማያውቀው ነገር የለም። ቶሎ ወድቀህ ተኛ፣ አትነሣ ብለው ይመክሩታል፤ እርሱ ግን እያወቀ፣ ክብር የሚባል ነገር ቢያንስ በዚያች ሌሊት የራሱ እንዲሆን ፈልጎ፣ እየወደቀ ይነሣል።

እንግዲህ ዕውቀት መጣ። መዝገቡ በአንዲት ሳንቲም ተሻሻለን? አልተሻሻለም። ቶሮ ሳያውቅ ገቢው በቤንኮ እጅ ነበር፤ ቶሮ ካወቀም በኋላ በዚያው በቤንኮ እጅ ነበር፤ ወጪውን የሚተምነው፣ ተቀናሹን የሚሰይመው፣ መዝገቡን ቆልፎ የሚያስቀምጠው ያው አንድ ወገን ነውና። አለማወቅ የዝርፊያው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ በተወገደ ጊዜ ዝርፊያውም በቀረ ነበር። ሹልበርግ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ድርሰቱን በጻፈለት «ኦን ዘ ወተርፍሮንት» በተባለው ፊልምም ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ አሳይቷል፤ የዚያ ታሪክ ባለቤት ቴሪ ማሎይ ለወንድሙና ለአለቆቹ ውርርድ ሲባል ግጥሚያውን አውቆ የሸጠ የቀድሞ ቡጢኛ ነው፣ በወደቡ ላይ ማን ማንን እንደሚዘርፍም ከማንም የበለጠ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ማወቁ ብቻውን ለዓመታት አንዳች አልጠቀመውም።

ቶሮ ሞሬኖ ከአሳብ ብቻ የተፈጠረ ሰው እንዳልሆነ ማስታወስ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ ይገባል። ሹልበርግ ልቦለዱን ሲጽፍ በዐይኑ ፊት የነበረው ፕሪሞ ካርኔራ የተባለው፣ በ1906 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣልያ በሴኳልስ መንደር የተወለደው፣ በፈረንሳይ አገር በሰርከስ ይታይ የነበረው ግዙፍ ሰው ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከገባ በኋላ በኒው ዮርክ ወንበዴዎች እጅ ወደቀ፤ ብዙ ተጋጣሚዎቹ ተከፍሏቸው እንደ ወደቁ በዘመኑ በይፋ ይነገር ነበር። ኧርኒ ሻፍ የተባለ ቡጢኛም በ1933 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ከእርሱ ጋር ተጋጥሞ ሞተ፤ ይህ ሰው ቀድሞ በማክስ ቤየር ክፉኛ ተመትቶ ነበር። ካርኔራ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጃክ ሻርኪን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ፤ በዓመቱ ማክስ ቤየር ደጋግሞ ከመሬት እየጣለ ዘውዱን ነጠቀው። ይኸው ማክስ ቤየር በፊልሙ ውስጥ ቶሮን የሚሰብረው ሻምፒዮን ሆኖ ይጫወታል፤ በሕይወት ያደረገውን በጥበብ ዳግመኛ አደረገው።

ካርኔራ ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጌታ መጣለት። በ1933 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር በሮማ ተጋጥሞ ሲያሸንፍ ሙሶሊኒ ተገኝቶ ተመለከተው፤ ፋሽስቶችም ጥቁር ሸሚዝ አልብሰው የአዲሲቱ ሮማ ኀይል ምልክት አደረጉት። እንግዲህ በወልወል ላይ ደም በፈሰሰበት በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ካርኔራ ከሃያ አንድ ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ከጆ ሉዊስ ጋር ተገናኘ። ግጥሚያው የኢትዮጵያና የኢጣልያ ግጥሚያ ነው ተብሎ በሰው ሁሉ አፍ ይነገር ስለ ነበር፣ ሕዝቡ እንዳይታወክ አስተዋዋቂው ከመድረኩ ላይ ምክር እስከ መስጠት ደረሰ። ጆ ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ጣለው፤ የጥቁሮቹ ሰፈር የሃርለም መንገዶችም በእልልታ ተሞሉ። ከዚያች ሌሊት 100 ቀን በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ወሰናችንን ጥሶ ገባ።

የሃርለም ሰዎች ደስታ ቅን ደስታ ነበር፤ እኔም ይህን ታሪክ በማስታውስበት ጊዜ ሁሉ ልቤ ከእነርሱ ጋር ነው። ቢሆንም በዚያች ሌሊት የወደቀው ሙሶሊኒ አልነበረም፤ የኒው ዮርክ ወንበዴም አልነበረም። በአንዱ ሰው አካል ላይ ወንበዴው ገንዘቡን፣ አምባገነኑ ክብሩን አፍሶ ነበር፤ የተመታው ግን አካሉ ብቻ ነው። የካርኔራ ስሕተት አለማወቁ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ካርኔራ የኒው ዮርኩን ወንበዴና የሮማውን መንግሥት በምን ዕውቀት ሊያሸንፋቸው ይችል እንደ ነበረ ያስረዳኝ። ሕንፃው ሁሉ የቆመው በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር፤ የሕንፃው ቁልፍ ግን በእርሱ እጅ ኖሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ዲላ ልመለስ። ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ከወናጎ ወደ ይርጋጨፌ፣ ከዚያም ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው፣ ቀኝና ግራው ሁሉ እርሻ እንደ ሆነ እስኪነግሩት ድረስ ደን የሚመስለውን አገር ያውቀዋል፤ ከላይ ዋንዛውና ሌሎቹ ረጃጅም ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናው፣ በቡናው መካከል አትክልቱ። ይህ ሁሉ በተዳፋት ላይ፣ አፈሩ ሳይሸረሸር፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት እየመገበ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በአገሩ ትክል ድንጋዮች ዕድሜ ብቻ አልተደነቀም፤ የመዘገበው ገበሬው ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አስማምቶ የሚያኖርበትን ዕውቀት ጭምር ነው። እንግዲህ ዓለም ዕውቀቱን ቅርስ ብሎ የመዘገበለትን ሰው፣ የራሱ ከተማ ሰዎች በአዳራሽ ሰብስበው ግንዛቤ የጎደለው ይሉታል። ከእነዚህ ሁለት ምስክሮች አንዱ ሐሰተኛ መሆን አለበት።

የጌዴኦ ገበሬ ቀይ እሸት ከአረንጓዴው ተለይቶ መለቀም እንዳለበት አያውቅም ይባላል፤ ይህን ከአያቱ ጀምሮ ያውቃል። ዋጋ ከፍ እስኪል መጠበቅ አያውቅም ይባላል፤ ዋጋ ከፍ እንደሚል ያውቃል፣ መጠበቅ ግን ዕውቀት ሳይሆን ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው። የቡናው መልቀሚያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የልጆች መመዝገቢያ፣ የደብተርና የልብስ መግዣ ግን መስከረም ነው፤ ከዚያም በፊት ያለፈው ዓመት ብር ያለቀበት፣ ሕመም የሚበዛበት ክረምት አለ። ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ይመጣና ገና ከዛፉ ላይ ባለ ቡና ቅድሚያ ብር ይሰጣል፤ ገበሬው የሚቀበለው ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑን ስላላወቀ ሳይሆን፣ ሌላ በር ስለሌለው ነው። የቀድሞ ሰዎች ወለድ አገድ እያሉ ከሚጠሩት ውል ጋር እጅግ የሚቀራረበው ይህ ነገር፣ በየትኛውም ሥልጠና አይፈርስም፤ የሚያፈርሰው በነሐሴ ወር በተመጣጣኝ ወለድ የሚገኝ ብድር ብቻ ነው። ነገር ግን ብድር ማቅረብ ወጪ አለው፤ ገበሬውን አላዋቂ ብሎ መስደብ ወጪ የለውም።

መዝገቡን ደግሞ እንመልከተው። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል፤ ያ አንድ ኪሎ በባዕድ አገር ተቆልቶ፣ በእሳት የሚጠፋው ክብደት ከተቀነሰለት በኋላ፣ ወደ መቶ ስኒ ገደማ ይወጣዋል። በእሸቱና በስኒው መካከል ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ማጠቢያ ጣቢያው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ማጓጓዣው፣ ላኪው፣ ገዥው፣ ቆዪው ይቆማሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በእውነት ይሠራሉ፣ ዋጋቸውም ሊከፈላቸው ይገባል። የጆንያ ክብደት፣ የእርጥበት፣ የብስለት ጉድለት፣ የማጓጓዣ፣ የኮሚሽን ተቀናሽ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ያለው ይመስላል። በሊዮ መዝገብ ውስጥም እኮ እያንዳንዱ መስመር ምክንያት ነበረው፤ ረዳት ያለ ደመወዝ አይሠራም፣ ባቡርም ያለ ትኬት አይጭንም። ወንጀሉ በአንዱ መስመር ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ወንጀሉ መስመሮቹን ሁሉ የጻፈው ትከሻው ያልተመታ ወገን ብቻ በመሆኑ ላይ ነው። ሙስና ሲባል በጨለማ የሚሰጥ ጉቦ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ይህን አያዩም፤ በፋና ብርሃን፣ በማኅተምና በፊርማ፣ አንድም ሕግ ሳይጣስ የሚፈጸም ሙስና እንዳለ ይህ ፊልም ያስተማረውን ያህል ያስተማረ ስብከት እኔ አልሰማሁም። ነቢዩ አሞጽ በሐሰተኛ ሚዛን የሚነግዱትን በገሠጸበት ምዕራፍ ድሀውን ሚዛን አላወቅህም ብሎ አለመውቀሱን፣ ተግሣጹ ሁሉ ሚዛኑን በያዘው ላይ መውረዱን ልብ ማለት ይገባል።

ገበሬውም ያታልላል፣ ያልበሰለ እሸት ይቀላቅላል፣ ጀንፈሉን ሳያደርቅ ይሸጣል የሚሉኝ አሉ። ይህ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ንጹሑን ለይቶ ያመጣውና ቀላቅሎ ያመጣው በአንድ ዋጋ በሚመዘኑበት ስፍራ፣ ንጽሕናን የሚቀጣው ሚዛኑ ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለቀይ እሸት ብልጫ በከፈሉበት ቀበሌ የለቀማው ጥራት መሻሻሉን ደግሞ በሥራው ያሉ ሰዎች ሁሉ ይመሰክራሉ። ይኸው ገበሬ ነው የተሻሻለው፤ ሌላ ሰው አልመጣበትም።

አለማወቅ የሚለውን ክስ ታሪኩም ያፈርሰዋል። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች፣ በዚያን ጊዜ ደራሳ እየተባሉ በሚጠሩበት ዘመን፣ ከተከሉት ቡና ላይ ባለርስቱ የሚወስደውን ድርሻ በመቃወም በሚጪሌ ተነሥተው ከጠመንጃ ፊት በጦር ቆሙ፤ ብዙዎችም ወደቁ። እነዚያ ሰዎች ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ፤ የድርሻውን ሒሳብ ግን ከማንም ጸሐፊ አሳምረው ያውቁት ነበር፣ ስለ እርሱም ሞተዋል። የመሬት ዐዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ያገኙት መሬት፣ ባለማወቃቸው ተነፍገውት የነበረ፣ በማወቃቸውም የተመለሰላቸው አልነበረም፤ ያስነፈጋቸው ሥልጣን ነው፣ ያስመለሰላቸውም የሥልጣን መለወጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ የእነዚያን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በአዳራሽ አስቀምጦ፣ ችግራችሁ ግንዛቤ ነው የሚል ሰው፣ የሚናገረው በማን መቃብር አጠገብ ቆሞ እንደ ሆነ ቢያስብ መልካም ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን አእምሮዬን የያዘው የስሙ ነገር ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ካርኔራ፣ ይህ የእኔ ሕይወት ነው፣ ሳልፈቅድ ለመሳለቂያ አደረጋችሁኝ ብሎ የፊልሙን ኩባንያ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዝነኛ የሆነ ሰው ኑሮውን ከሕዝብ ዐይን የመሰወር መብቱን እንደ ተወ ይቈጠራል፣ ሥራውን ቢለውጥም መብቱ አይመለስለትም በሚል ምክንያት ክሱን አልተቀበለውም። በመጀመሪያ ወንበዴዎች ስሙን ሠርተው ሸጡት፣ ቀጥሎ ፋሽስቶች ስሙን ተጠቀሙበት፣ በመጨረሻም እንዴት እንደ ተዘረፈ የሚተርከው ታሪክ ራሱ የሌሎች ንብረት ሆነ። ይህን ፊልም እያደነቅሁ የምጽፍ እኔ፣ ፊልሙ በዚህ ረገድ ከሚከስሰው ኀጢአት ፈጽሞ ንጹሕ እንዳልሆነ መናገር ግዴታዬ ነው።

የይርጋጨፌም ስም እንዲህ ያለ መንገድ ሄዷል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ በጠየቀች ጊዜ፣ ጥያቄው ከብርቱ ተቃውሞ ጋር ተጋጠመ፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር የሲዳሞንና የሐረርን ስም በመቃወም ቆመ፣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣውም ክርክር በዓለም ጋዜጦች ተሰማ፤ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ወር በስምምነት ተፈጸመ። ይህ ትልቅ ድል ነበር፣ ለድሉም የደከሙ ባለሥልጣኖችና የሕግ ዐዋቂዎች ምስጋና ይገባቸዋል። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. መቋቋሙም፣ የምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩም ገበሬውን ከመካከለኛው እጅ በጥቂቱም ቢሆን ለማውጣት የታሰቡ እርምጃዎች ነበሩ። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከእነዚህ አንዱም የተሠራው ገበሬውን በማስገንዘብ አይደለም። ስሙን ለባለቤቱ ያስመለሰው የሕግ ሰነድ ነው፤ ዋጋውን ያሻሻለው የድርጅት አቅም ነው። አንድ ነገር በተሻሻለበት ቦታ ሁሉ የተሻሻለው የመዝገቡ አያያዝ ሆኖ ሳለ፣ ገና ያልተሻሻለበትን ቦታ በገበሬው አእምሮ ላይ ማሳበብ በምን ሎጂክ ይቆማል?

የጋዜጠኛው የኤዲ ዊሊስ ነገር ደግሞ እኛን ብዕር የያዝነውን ይመለከታል። ኤዲ በመጨረሻ የተጸጸተ ሰው ነው፤ ቤንኮ ቶሮን ለሌላ ነጋዴ ሊሸጠው ሲል፣ ከተኛበት አውጥቶ የራሱን ድርሻ 26 ሺህ ዶላር በእጁ ሰጥቶ ወደ አገሩ በአውሮፕላን ይሰድደዋል። ይህን ሲያይ ዘኬዎስን የማያስታውስ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ዘኬዎስ የመለሰው ላታለላቸው ሁሉ ነው፣ አራት እጥፍ አድርጎም ነው፤ ኤዲ የመለሰው ለአንዱ ነው። ከዚያም ወደ ቤቱ ገብቶ በጽሕፈት መኪናው ላይ ቡጢ በሕግ ይከልከል የሚል ጽሑፍ መጻፍ ሲጀምር ፊልሙ ይዘጋል፤ ብዙ ተመልካቾችም ይህን የፊልሙ ድምዳሜ አድርገው፣ እርኩሱ ስፖርቱ ነው ብለው ይወጣሉ። ይህ ሁለተኛው የሐሰት ፍርድ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት በቡጢ ላይ ምርመራ ባደረገ ጊዜ፣ የቀድሞው ሻምፒዮን ጄክ ላሞታ በ1947 እ.ኤ.አ. አንድ ግጥሚያ አውቆ እንደ ተሸነፈ በመሐላ መስክሯል፤ ቡጢም አልተከለከለም፣ እስከ ዛሬም አለ። ዓመፃ በተፈጸመበት ሥራ ላይ ሁሉ ሥራው ይከልከል ብንል፣ ቡናም፣ እህልም፣ ቤተ መቅደስ እንኳ አይተርፍልንም። ኤዲ ሊጽፈው የሚገባው የሊዮን መዝገብ ራሱን ነበር፤ መስመር በመስመር፣ ማን ስንት እንደ ወሰደ፣ ከስም ጋር። ያን ቢያትመው ኖሮ ከሚቀጥለው የቤንኮ ድግስ ይልቅ የሚቀጥለው የመንደር ልጅ በተጠቀመ ነበር።

የእኛ ጸሐፊዎች ስለ ይርጋጨፌ ቡና የጻፉትን አንብቤአለሁ። ስለ አበባ መዓዛው፣ ስለ ሎሚ ጣዕሙ፣ ስለ ተራሮቹ ልምላሜ ያማረ ነገር ጽፈዋል፤ እኔም ራሴ ይህን ቡና የሚወድድ ሰው ነኝና የተባለው ሁሉ እውነት ነው እላለሁ። ግን ኤዲም የጻፈው ማስታወቂያ ቶሮ ግዙፍ ነው የሚለው ክፍሉ እውነት ነበር። ስሙን ከፍ ከፍ ስናደርግ ድርሻውን አለመጠየቃችን፣ ባለማወቅ ከተከሰሰው ገበሬ ይልቅ በማወቅ ዝም ያልነውን እኛን በፍርድ ያስይዘናል።

የምጠይቀው ነገር ረቂቅ አይደለም። በጌዴኦ አገር ሽማግሌዎች ነገርን በአደባባይ የሚሰሙበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይሸሸጉ የሚቀመጡበት ሶንጎ የሚባል ሸንጎ ከጥንት ጀምሮ አለ። በእያንዳንዱ የለቀማ ወራት መጨረሻ፣ በየማጠቢያ ጣቢያው ስንት ኪሎ እሸት እንደ ገባ፣ ስንት ኪሎ ጥሬ ቡና እንደ ወጣ፣ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ለማጓጓዣ፣ ለኮሚሽን፣ ለጆንያ፣ ለወለድ ስንት እንደ ተቀነሰ፣ በማን ስም እንደ ተቀነሰ፣ በጌዴኡፋ ቋንቋ ተጽፎ በሶንጎው ፊት ይነበብ፤ ገበሬው የማይቀበለው መስመር ቢኖር ያን መስመር የጻፈው ሰው ቆሞ ያስረዳ፣ ማስረዳት ያልቻለውን ይመልስ። ከዚህ በኋላ የገበሬው ግንዛቤ ጎደለ የሚል ሰው ቢኖር፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደ ጎደለ በዚያው ሸንጎ ፊት ያሳይ።